በሽታውን የሚደብቀው መድኃኒት

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ይባላል። ተረቱ ሲነገር ደባቂው ሁልጊዜ ታማሚው ነው። ያፈረ፣ የፈራ ወይም "ይተወኛል" ብሎ ችላ ያለ ሰው። መድኃኒቱ ራሱ በሽታውን የሚደብቅበት ጊዜ እንዳለ የገባኝ በቤተሰቤ ሲደርስ ነው።

የአባቴ ታላቅ ወንድም ደምበጫ አካባቢ ገበሬ ነበሩ። እኛ ልጆች ሁላችን "አያ" ነው የምንላቸው። 60ን ተሻግረዋል፤ እርሻ ላይ ግን ጎረምሳ ያስንቁ ነበር። ሕመሙ ሲጀምር ራስ ምታት አልነበረም። ዝምታ ነበር። ጨዋታ አዋቂው ሰው ነገር ማሳጠር ጀመሩ። አንድ የገበያ ቀን ሲመለሱ የቤታቸው መታጠፊያ ጠፋቸው። ዕድሜ ልካቸውን የተመላለሱበት መንገድ ነው። ቤተሰቡ "እርጅና ነው" አለ። ግራ እግራቸውን መጎተት ሲጀምሩ ግን ሁላችንም ደነገጥን።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጉዞ አብዛኛው አንባቢ ያውቀዋል። መጀመሪያ ታይፎይድና ታይፈስ ተባለ። (በእኛ አገር ራሱን ያመመው ሰው ሁሉ መጀመሪያ ታይፎይድ ነው፤ ሌላው በሽታ ተራውን ይጠብቃል።) ቀጥሎ "ነርቭ ነው" ተባለና የቫይታሚን መርፌ ተወጉ። ሁለት ሳምንት ጠበል ገቡ። በመጨረሻ ከተማ ወጥተው ሲቲ ስካን ተነሱ። አንጎላቸው ውስጥ፣ ወደ መሃል ጠለቅ ብሎ፣ ነጭ ነገር ታየ። ዙሪያው አብጧል። እብጠቱን ለመቀነስ ዴክሳሜታዞን ታዘዘ። ሰው በአጭሩ "ዴክሳ" የሚለው ነው።

ተአምር መሰለን። በሦስተኛው ቀን ቁጭ አሉ። በአምስተኛው ስለ በሬዎቻቸው ጠየቁ። ሳምንት ሳይሞላ በራሳቸው እግር ሄዱ። ቤት ሲመለሱ በግ ታረደ። ኤም አር አይ ታዞላቸው ነበር። ብሩ እስኪሞላ፣ መንገዱም እስኪከፈት ግን ወር አለፈ። ሲነሱ ነጩ ነገር የለም። "ምናልባት ትንሽ ስትሮክ ነበር" ተባልን። ደስ አለን፤ ማን ይከራከራል?

ከሰባት ሳምንት በኋላ አያ ደጃፋቸው ላይ ወደቁ።

ዘግይቶ የተገኘው ስም የአንጎልና የማዕከላዊ ነርቭ ሥርዓት ሊምፎማ ነበር።

ንፍፊት የሌለው ሊምፎማ

ሊምፎማ ሲባል ሰው የሚያስበው አንገት ወይም ብብት ላይ የሚያብጥ ንፍፊትን ነው። በአብዛኛው ልክ ነው። ሊምፎማ ሊምፎሳይት የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ካንሰር ነው። እነሱ የሰውነት ዘበኞች ናቸው፤ ማደሪያቸውም ንፍፊት ነው። ይኸኛው ግን ከአንጎል፣ ከኅብለ ሰረሰር፣ ከሁለቱ ሽፋንና ከዓይን ውስጠኛ ክፍል አይወጣም። አንገት ቢዳሰስ ምንም የለም። ትኩሳቱም፣ የሌሊት ላቡም ብዙ ጊዜ የለም። ለዚህ ነው ተራ ምርመራ የሚያመልጠው።

ብርቅ በሽታ ነው። ከአንጎል ከሚነሱ 100 ዕጢዎች ውስጥ ከ2 እስከ 4 ቢሆን ነው። አብዛኛውን ጊዜ 60 ዓመት አካባቢ ያለን ወይም ከዚያ ያለፈን ሰው ይይዛል። በኤች አይ ቪ ምክንያት የመከላከል አቅማቸው በጣም የወረደ ሰዎችን ግን በወጣትነትም ያገኛቸዋል።

ብርቅ ከሆነ ለምን እንጨነቃለን? በመድኃኒት ስለሚቀልጥ ነዋ። አብዛኛውን የአንጎል ዕጢ ቀዶ ሐኪሙ የቻለውን ያህል ቆርጦ ያወጣዋል። ይህ ግን ጠልቆ ይቀመጣል፤ መሬት ውስጥ እንደሚሰርግ ውሃ ዳር ድንበሩ አይታወቅም። ስለዚህ ዋናው ሕክምናው ቢላዋ አይደለም። በደም ሥር በከፍተኛ መጠን የሚሰጥ ሜቶትሬክሴት የሚባል መድኃኒት ነው። ሳይታከም ከቀረ የቀረው ዕድሜ በወራት ይቆጠራል። ታክመው ለዓመታት የሚኖሩ ግን አሉ። ሌላ ዕጢ ነው ተብሎ ጭንቅላት ቢከፈት፣ ወይም ቲቢ ነው ተብሎ ወራት ቢባክን፣ ያ ዕድል ያልፋል።

እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ አንድ የፈረንሳይ ጥናት 248 ታማሚዎችን አይቶ ነበር። ከ100 70 የሚሆኑት እንደ እጅና እግር መስነፍ ያለ፣ ከአንድ የአንጎል ክፍል የሚመጣ ምልክት ነበራቸው። ከ100 43ቱ የባሕርይ ወይም የአእምሮ ለውጥ ታይቶባቸዋል። የሚጥል በሽታ የታየባቸው ከ100 14 ብቻ ናቸው። እነዚያ 43ቱ ጎጃም ቢሆኑ መጀመሪያ የሚወሰዱት የት እንደሆነ እኔም አንተም እናውቃለን። ጠበልን ለመንቀፍ አይደለም። አያም ጠበል ሲገቡ ከጎናቸው ነበርኩ። ግን በሳምንታት ውስጥ ባሕርዩ የተለወጠ፣ በዚያ ላይ እግሩን የሚጎትት ትልቅ ሰው ካለ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ይቻላል። ጠበሉ ሲቲ ስካን አይከለክልም።

ዴክሳ ምን እንደሚሠራ

ዴክሳሜታዞን ስቴሮይድ ከሚባሉት መድኃኒቶች አንዱ ነው። በማንኛውም የአንጎል ዕጢ ዙሪያ ያለውን እብጠት ይቀንሳል። ታማሚው ይነቃል፣ ራስ ምታቱ ይለቀዋል። ዕጢው ግን እዚያው አለ፤ ሲነሳም ይታያል።

ሊምፎማ ላይ ሁለተኛ ሥራ ይሠራል። ስቴሮይድ ሊምፎሳይትን ራሱን ይገድላል። ስለዚህ እብጠቱ ብቻ ሳይሆን ዕጢውም ይሟሽሻል። አንዳንዴ በቀናት ውስጥ ከምስሉ ላይ ይጠፋል። ሐኪሞች እንደ መንፈስ ታይቶ የሚሰወር ዕጢ ይሉታል። የሚያሳዝነው ፈውስ አለመሆኑ ነው። በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይመለሳል፤ ብዙ ጊዜም ሌላ ቦታ ጭምር።

በዚህ መሃል ከዕጢው ናሙና ቢወሰድስ? ናሙናውን የሚመረምረው ሐኪም፣ ፓቶሎጂስቱ፣ በማይክሮስኮፕ የሚያየው የሞቱ ሴሎችንና ሬሳቸውን የሚጠርጉ ሌሎች ሴሎችን ነው። መልሱ "ካንሰር አልታየም" ይሆናል። ቃሉ እውነት ነው፤ ቤተሰቡ የሚረዳበት መንገድ ግን ስህተት ነው።

ስለዚህ በዚህ ሙያ ያሉ ሐኪሞች የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ። ምስሉ ሊምፎማ ካስጠረጠረና ታማሚው አፋጣኝ አደጋ ላይ ካልሆነ፣ ናሙና እስኪወሰድ ስቴሮይድ አይሰጥም።

እዚህ ላይ ማስጠንቀቅ አለብኝ። አንጎል እየተጨመቀ፣ ሰው ራሱን እየሳተ ከሆነ ነፍስ ትቀድማለች። ዴክሳ ያዘዘውን ሐኪም ሁሉ "አጠፋህ" ማለት አይቻልም። የተጀመረንም መድኃኒት ታማሚው ወይም ዘመድ በራሱ አያቋርጥም። ለሳምንታት የተወሰደ ስቴሮይድ ድንገት ሲቆም ሰውነት ራሱን ማስተዳደር ያቅተዋል፤ ሰው ሊሞት ይችላል። ቀስ እያለ የሚቀነሰው በሐኪም ነው። ደግሞም ዴክሳ ተወሰደ ማለት ሁሉም ነገር ተበላሸ ማለት አይደለም። ወስደውም ናሙናቸው መልስ የሰጠ ብዙ ሰዎች አሉ። ካልሰጠም በቅርብ እየተከታተሉ ምስሉን መድገም፣ ዕጢው ብቅ ሲል ናሙናውን እንደገና መውሰድ ይቻላል።

የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ዴክሳ በየወረዳው ከተማ መድኃኒት ቤት አለ። ብዙ ቦታ ያለ ማዘዣም ይሸጣል። ለወገብ፣ ለአለርጂ፣ "ለድካም" ይወጋል። ለመወፈር ብለው የሚውጡትም አጋጥመውኛል። ከአንጎል ውስጥ ናሙና የሚወስድ ሐኪም ግን ጥቂት ትልልቅ ከተሞች ላይ ብቻ ነው ያለው። የሚደብቀው ቅርብ ነው፤ የሚገልጠው ሩቅ። የጎጃም ታማሚ ጣጣ ያለው በእነዚህ ሁለቱ መካከል ነው።

ምስሉ የሚናገረውና የማይናገረው

ሲቲ ስካን መጀመሪያ የሚገኘው ነው፤ ፈጣንም ነው። ሊምፎማ ያለ ማቅለሚያ መድኃኒት በሚነሳ ሲቲ ላይ ብዙ ጊዜ ከአካባቢው ትንሽ ነጣ ብሎ ይታያል። ሳይታይም ሊቀር ይችላል። ስለዚህ "ሲቲው ንጹህ ነው" የሚለው ቃል ብቻውን ምልክት ያለበትን ሰው ቤቱ መመለስ የለበትም።

ዋናው ኤም አር አይ ነው፤ በደም ሥር ጋዶሊኒየም የሚባል ማቅለሚያ ተሰጥቶ። የመከላከል አቅሙ ደህና በሆነ ሰው ላይ ሊምፎማው ያለ ቀዳዳ፣ አንድ ወጥ ሆኖ ያበራል። የሚወደው ቦታም አለው። በአንጎል መሃል ካሉት የፈሳሽ ጓዳዎች ዳር፣ ወይም ግራና ቀኙን አንጎል የሚያገናኘው ድልድይ ላይ ይቀመጣል። ከሦስት ሰዎች በሁለቱ ላይ አንድ ብቻውን ነው፤ በቀሪው ላይ ብዙ ነው።

ሌላም ብልሃት አለ። ኤም አር አይ ውሃ በሴሎች መካከል ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ ይለካል። የሊምፎማ ሴሎች ጢቅ ብሎ እንደሞላ የጤፍ ጆንያ ናቸው። መሃላቸው ክፍተት የለም፤ ውሃው መንቀሳቀሻ ያጣል። ይህ ሐኪሙን ወደ ሊምፎማ ይመራዋል። ያረጋግጥለታል ግን አላልኩም። ኢንፌክሽንም፣ ሌላ ዕጢም፣ የነርቭ ሽፋን በሽታም ይህንን ሊመስል ይችላል።

ከመነሳት በፊት የኩላሊት ምርመራ ያስፈልጋል። ሰውነቱ ውስጥ ጥይት ወይም ፍንጣሪ የቀረበት ሰው፣ ብየዳ ሠርቶ ዓይኑ ውስጥ ብረት ገብቶበት የሚያውቅ ሰው፣ ሳይጠየቅም ይናገር። ማሽኑ ትልቅ ማግኔት ነው። በዚህ ዘመን በእኛ አካባቢ ይህ ጥያቄ ለወግ ያህል የሚጠየቅ አይደለም።

ቲቢና ቶክሶ መሃል ሲገቡ

ነገሩ እኛ አገር ሲደርስ የሚወሳሰበው እዚህ ላይ ነው። አውሮፓ ውስጥ አንጎል ላይ የሚያበራ ነገር ሲታይ መጀመሪያ የሚታሰበው ካንሰር ነው። እኛ ጋ ቲቢ አለ። የአንጎል ቲቢ እንደ እብጠት ሆኖ ሊታይ ይችላል፤ ሐኪሙ ቲቢን ቢያስቀድም አይፈረድበትም።

ወጥመዱ ግን ይህን ይመስላል። ቲቢ አንጎልን ወይም ሽፋኑን ሲይዝ ከቲቢው መድኃኒት ጋር ስቴሮይድ አብሮ ይሰጣል፤ ትክክለኛ ሕክምና ነው። በሽታው ሊምፎማ ቢሆንስ? በሁለት ሳምንት ታማሚው ይሻለዋል። ሁሉም "የቲቢው መድኃኒት ሠራ" ይላል። የሠራው ግን ስቴሮይዱ ነው። ስቴሮይዱ ሲቀነስ ሰውየው ይወድቃል፤ አሁን ደግሞ "መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ይሆን?" ይባላል። ወራት በዚህ ይሄዳሉ።

ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ሰዎች ላይ ደግሞ ቶክሶፕላዝሞሲስ ይመጣል። በአጭሩ ቶክሶ። ከድመት ዓይነ ምድርና በደንብ ካልበሰለ ሥጋ የሚመጣ ተሕዋስ ነው። ጥሬ ሥጋ ለምንወድ ሕዝብ እንግዳ አይደለም። ሰውነት ውስጥ ተኝቶ ይኖራል፤ ሲዲ4 የሚባሉት የመከላከያ ሴሎች ቁጥር ከ100 በታች ሲወርድ ይነሳል። ሊምፎማው ደግሞ በብዛት የሚመጣው ከ50 በታች ሲወርድ ነው። ሁለቱም መሃሉ የጠቆረ ቀለበት ሆነው ሊታዩ ይችላሉ። በዓይን አይለዩም።

እዚህ ላይ የተለመደው አሠራር አስተዋይ ነው። መጀመሪያ የቶክሶ መድኃኒት ለሁለት ሳምንት ያህል ይሰጣል፤ ከዚያ ምስል ይደገማል። ቶክሶ ከሆነ በዚያ ጊዜ ይሻሻላል። ካልተሻሻለ ናሙና መወሰድ አለበት። ነገር ግን ይህ ፈተና ዋጋ የሚኖረው ዴክሳ አብሮ ካልተሰጠ ነው። አብሮ ከተሰጠ የተሻለው በየትኛው እንደሆነ ማን ያውቃል? ቡና ውስጥ ጨውም ስኳርም ጨምሮ የትኛው እንዳጣፈጠው እንደ መጠየቅ ነው።

በዚህ ቡድን ውስጥ አንድ ተጨማሪ መረጃ አለ። ከኤች አይ ቪ ጋር የሚመጣው የአንጎል ሊምፎማ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ኤፕስታይን ባር ከሚባል ቫይረስ ጋር የተያያዘ ነው። ቫይረሱ በጀርባ ፈሳሽ ውስጥ ከተገኘ ጥርጣሬው በጣም ይጠነክራል። የቶክሶ የደም ምርመራ ነጻ ከሆነ ደግሞ ቶክሶነቱ ይርቃል። ለማንኛውም፣ አንጎሉ ላይ እንዲህ ያለ ነገር የታየበት ሰው ሁሉ የኤች አይ ቪ ምርመራ ያስፈልገዋል። ቄስም ይሁን ሽማግሌ። "እንዴት እሳቸውን ትጠይቃለህ" የሚል ዘመድ ጊዜ ያባክናል።

አባይን የማይሻገር ፈሳሽ

"ከጀርባ ውሃ ከተቀዳ ሽባ ይሆናል" የሚለውን ያልሰማ የለም። ኅብለ ሰረሰር የሚያልቀው ወገብ ላይ፣ ከመጀመሪያውና ከሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ነው። መርፌው የሚገባው ከዚያ በታች ነው። እዚያ ያለው ፈሳሹና የሚንሳፈፉ የነርቭ ክሮች ናቸው። እውነተኛው አደጋ ሌላ ቦታ ነው። ጭንቅላት ውስጥ ትልቅ እብጠት ካለ ከታች ፈሳሽ ሲወጣ አንጎል ወደ ታች ሊገፋ ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ምስል፣ ከዚያ መርፌ።

ፈሳሹ ውስጥ የሊምፎማ ሴል ከተገኘ ትልቅ ዕድል ነው። ጭንቅላት መብሳት ላያስፈልግ ይችላል። ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ታማሚ በአንዱ ላይ እንኳ አይገኝም። አልተገኘም ማለት የለም ማለት አይደለም። በዚህ ላይ ሴሎቹ ከሰውነት ከወጡ በኋላ ቶሎ ይሞታሉ። ፈሳሹ በርከት ብሎ መቀዳት፣ ላቦራቶሪም በቶሎ መድረስ አለበት። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጎሐ ጽዮን ከመድረሱ በፊት የአባይ በረሃ ሙቀት አለ። በሚኒባስ የተጫነ የጀርባ ፈሳሽ ያንን ቁልቁለት ወርዶ፣ ዳገቱን ወጥቶ፣ ለዚህ ምርመራ የሚሆን አይሆንም። ስለዚህ ፈሳሹ ሳይሆን ታማሚው ይሂድ።

የዓይን ምርመራ የሚዘነጋ ነው፤ አለመዘንጋት ነበረበት። ከ100 ታማሚዎች ከ15 እስከ 25 በሚሆኑት ላይ በሽታው ዓይን ውስጥም አለ። አንዳንዱ ምንም አይታወቀውም፤ አንዳንዱ "ዝንብ የሚመስል ነገር ይዞርብኛል" ይላል። የዓይን ሐኪም በመብራታማው ማይክሮስኮፕ ብቻ ብዙ ያያል። ዋጋው ከሌሎቹ አንጻር ትንሽ ነው። ናሙናም ከአንጎል ይልቅ ከዓይን ሊወሰድ የሚችልበት ጊዜ አለ።

በደንብ በተደራጁ የውጭ ላቦራቶሪዎች ከፈሳሹ ላይ የዘረመል ለውጥ መፈለግ ተጀምሯል። ወደፊት መርፌውን ከአንጎል ላይ ሊያነሳልን ይችላል። ለዛሬ ግን ወሳኙ ሥጋው ነው።

ሰሙና ወርቁ

ናሙና መውሰድ ማለት ጭንቅላት መክፈት ማለት አይደለም። በምስል ተለክቶ፣ በትንሽ ቀዳዳ፣ ቀጭን መርፌ ወደ ተለካው ቦታ ይገባል። ጥቂት ሚሊ ሜትር ሥጋ ይዞ ይወጣል። አደጋ የለውም አልልም፤ ደም ሊፈስ ይችላል። ግን ዕጢውን በሙሉ ከማውጣት ጋር አይወዳደርም።

ከዚያ ያቺ ሥጋ ፎርማሊን ውስጥ ትገባለች። ከሥጋዋ ቢያንስ አሥር እጥፍ ፎርማሊን። ውሃ አይደለም፣ አልኮል አይደለም፣ በረዶም አይደለም። የአያን ብልቃጥ አዲስ አበባ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ናሙና ተሸካሚው ብዙ ጊዜ ዘመድ ነው፤ ነገሩ እንዲህ መሆኑ ራሱ ይገርማል። በፌስታል ጠቅልዬ፣ ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ከጎኔ ያሉት እናት አዩኝና "ማር ነው፣ ልጄ?" አሉኝ። ከጎጃም የሚሄድ ብልቃጥ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? "አዎ፣ እማማ" አልኩ። ደጀን እስክንደርስ ስለ ማር አወራን።

ላቦራቶሪው ሥጋዋን ሰም ውስጥ ያስቀምጣታል። ቃል በቃል ሰም፤ ፓራፊን የሚባለው። ከዚያ ከፀጉር በቀጠነ ውፍረት ተቆርጣ፣ ተቀልማ ትታያለች። እኔ ይህን ስሰማ ዋሸራና ጎንጅ ናቸው ትዝ ያሉኝ። ቅኔ አዋቂ ሰሙን ሰምቶ አይሄድም፤ ወርቁን ይፈልጋል። ፓቶሎጂስቱም ሰሙን ከፍቶ ወርቁን የሚያወጣ ሰው ነው። ያውም አንዱ ማቅለሚያ አይበቃውም። ሲዲ20 የሚባለው የቢ ሴል (አንዱ የሊምፎሳይት ዓይነት) ምልክት ሲቀለም ቡናማ ሆኖ ከታየ ዘሩ ይታወቃል። ሌላው ማቅለሚያ ስንት ሴል በመባዛት ላይ እንዳለ ይነግረዋል፤ በዚህ በሽታ ብዙ ጊዜ ከ100 ከ70 በላይ ነው። ይህ ምርመራ ኢሚውኖሂስቶኬሚስትሪ ይባላል፤ በየላቦራቶሪው አይገኝም።

ደስ የሚለው ግን ሰሙ ጠንካራ ነው። ብሎክ የሚሉት ያ ትንሽ የሰም ቁራጭ ለዓመታት አይበላሽም። አባይን ይሻገራል፣ ባሕርም ይሻገራል። ቤተሰብ "ብሎኩ የት ነው ያለው?" ብሎ መጠየቅ አለበት። ሌላ ላቦራቶሪ ሁለተኛ ሐሳብ ለመስጠት የሚያስፈልገው እሱ ነው። ወረቀቱ ብቻ አይበቃም።

ስሙ ከታወቀ በኋላ ያለው ፈጣን ነው። በሽታው አንጎል ላይ ብቻ መሆኑ ይጣራል። ከደረት እስከ ዳሌ ሲቲ፣ የመቅኔ ምርመራ፤ ፔት ስካን ባለበት አገር ደግሞ እሱ። ኤል ዲ ኤች የሚባል የደም ምርመራ አለ፤ ከፍ ካለ በሽታው ከበድ ይላል። ኩላሊት ይታያል፤ ሜቶትሬክሴት የሚወጣው በእሱ ነውና። የጉበት ቫይረስ ቢና ሲ ይመረመራሉ። ሪቱክሲማብ የሚባለው ተጓዳኝ መድኃኒት የተኛን የጉበት ቫይረስ ቢ ይቀሰቅሳል፤ ቫይረሱ ደግሞ እኛ አገር ብዙ ነው። ለትልልቅ ወንዶች የዘር ፍሬ አልትራሳውንድም ይታዘዛል። የዚያ ቦታ ሊምፎማ ወደ አንጎል መሄድ ይወዳል። አያ ይህን ሲሰሙ "እኔን ያመመኝ ራሴን፣ እናንተ የምታዩት ሌላ!" ብለው ተቆጡ። ከታመሙ ጀምሮ እንደ ድሯቸው የተናገሩት ያን ቀን ነው።

አንድ መስመር

የአያን ነገር ያቃናው አዲስ ማሽን አልነበረም። ሁለተኛ ጊዜ ሲወድቁ ያየናቸው ቀዶ ሐኪም "ከዴክሳ በፊት የተነሱት ፊልም አለ?" ብለው ጠየቁ። አክስቴ አልጣለችውም ነበር። ሐኪሙ ከመስኮቱ ብርሃን አንጻር አነሱት። ከዚያ አዲሱን ጎን ለጎን ያዙት። "ዴክሳ እንዳይሰጥ፤ ነገ ናሙና እንወስዳለን" አሉ። በዚያን ጊዜ ያጣነው የመጀመሪያው ሐኪም ቤት ማስታወሻ ነበር። ዴክሳው መቼ ተጀመረ፣ ስንት ነበር፣ መቼ ቆመ? ሪፈር ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም። እኛም በቀኑ አልተስማማንም። አክስቴ የቆጠረችው በጾሙ ነበር።

ለሁሉም ከተማ ኤም አር አይ ይገዛ ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ይገዛ፣ ማን ጠላ። እስከዚያው ግን ብር የማይጠይቅ ነገር አለ። አንጎሉ ላይ አንድ ነገር ታይቶበት ሪፈር በሚጻፍለት ሰው ወረቀት ላይ አንድ መስመር ይጨመር፦ "ስቴሮይድ ተሰጥቷል ወይስ አልተሰጠም፤ ከተሰጠ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን ያህል?" ከጤና ጣቢያ እስከ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ያለ ሁሉ ሊጽፈው ይችላል። መንገድ በተዘጋ ቁጥር፣ ስልክም በጠፋ ቁጥር፣ የሚቀጥለው ሐኪም መልሶ የሚጠይቀው ሰው የለውም። ያለው ወረቀቱ ብቻ ነው። ሐኪሙ ካልጻፈው ዘመድ ከጀርባው ይጻፈው፤ የእስክሪብቶ ጉዳይ ነው።

መድኃኒት ቤት ያላችሁ ወንድሞችና እህቶችም አንድ ቃል። ባሕርዩ የተለወጠ፣ እግሩ የሰነፈ ሰው ዘመድ "ያቺን ባለፈው ያነሳችውን መርፌ" ብሎ ሲመጣ፣ መጀመሪያ የምስል ውጤቱን ጠይቁት።

አያ ሕክምናውን ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ሁለት መኸር አይተዋል። ያ የመጀመሪያው ፊልም አሁንም አክስቴ ሳጥን ውስጥ ነው፤ በነጠላ ተጠቅልሎ፣ ከመሬት ደብተሩ ጋር።